ሠራተኞቹ ያልተገኙበት ችሎት

በሥራ ደኅንነት ሙያ በቅርቡ የተመረቀች አንዲት ወጣት፣ «ኦሻ (የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት) የቀጣው አሠሪ ይግባኝ የሚለው ለዚያው ለኦሻ ከሆነ ችሎቱ ምን ይፈይዳል?» ስትል ጠየቀችኝ። የዛሬ ልጆች መንግሥት ሁሉ አንድ ቢሮ ይመስላችኋል። ኦሻ በአሜሪካ የሠራተኛ ሚኒስቴር ሥር ነው፤ ይግባኙን የሚወስነው ግን እ.ኤ.አ. የ1970ው ሕግ ከሚኒስቴሩ ለይቶ ያቋቋመው፣ ፕሬዚዳንቱ የሚሾማቸውና ሴኔቱ የሚያጸድቃቸው ሦስት አባላት የሚመሩት ኮሚሽን ነው። አሠሪው የቅጣቱ ማስታወቂያ በደረሰው በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ ከተቃወመ፣ ጉዳዩን በመጀመሪያ የኮሚሽኑ ዳኛ ይሰማዋል።

ጥያቄዋ ዋሽንግተን ውስጥ፣ በአንድ የሕንፃ እድሳት ላይ የተቋራጩ መዝገብ ያዥ ሆኜ የሠራሁበትን ዘመን አስታወሰኝ። አገር ቤት ሳለ መምህር የነበረ፣ የእጅ ጽሕፈቴን ሳይቀር እያረመ የሚያስቀኝ ወገናችን ከጣሪያ ጠርዝ ወድቆ ዳሌው ተሰበረ። ድርጅቱ «ከመውደቅ የሚከላከል ቀበቶ ሰጥተነዋል፤ ያላሰረው ራሱ ነው» ብሎ ተከራከረ። ይህ መከራከሪያ በሕግ የታወቀ ቢሆንም፣ አሠሪው ደንብ ማውጣቱን፣ ለሠራተኛው ማሳወቁን፣ መከታተሉንና የጣሰውን መቅጣቱን ማስረዳት አለበት። ዳኛው በመጀመሪያ የመንግሥትን ጠበቃ፣ አሠሪው አደጋውን ያውቅ ወይም ማወቅ ይችል እንደነበር በምን እንደሚያረጋግጥ አጥብቀው ጠየቁት። ከዚያም ወደ እኛ ዞረው፣ ቀበቶ ባለማሰሩ የተቀጣ አንድ ሠራተኛ እንድናሳያቸው አዘዙ። በያዝኩት አቃፊ ውስጥ የነበረው አብዛኛው በአማርኛ ፊደል የተፈረመ የሥልጠና ወረቀት ብቻ ነበር። ጥሰቱን አጸኑት፤ ኦሻ በጠየቀው መጠን አይታሰሩምና የድርጅቱን አነስተኛነት አይተው ገንዘቡን ቀነሱት።

እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ የዚያ ጣሪያ ሠራተኞች በችሎቱ አለመኖራቸው ነው። ሕጉ በጽሑፍ ጠይቀው ተከራካሪ ወገን እንዲሆኑ ይፈቅድላቸዋል፤ ይህን የሚናገረው ወረቀት ግን በእንግሊዝኛ በር ላይ ተለጥፎ ሁሉም ያልፈው ነበር። ቀበቶው የሚታሰርበት አስተማማኝ ቦታ ጣሪያው ላይ እንዳልነበረ የሰማሁት ከውሳኔው በኋላ፣ ቡና እየጠጣን ነው። እናንተ የተለጠፈ ወረቀት አታነቡም ብዬ አማርራለሁ፤ እኛም አላነበብንም።

ኮሚሽኑ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 ምልዓተ ጉባኤውን አጥቶ፣ በሚያዝያ 2025 ደግሞ ያለ አንድም አባል ቀርቶ ነበር። የኮሚሽኑ አባል እንደገና እንዲታይ ካልጠራው የዳኛው ውሳኔ በ30 ቀን የመጨረሻ ይሆናል፤ ከዚያ በላይ ያለው የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤትም በዋናነት የሚመረምረው በዚያው በዳኛው ችሎት የተመዘገበውን ማስረጃ ነው።