«ታታሪና ታዛዥ ነው» ተብሎ የተጻፈለት ወታደር

የዓመቱ የሥራ አፈጻጸም ምዘና ሲቃረብ የሚደርሱኝ ደብዳቤዎች ጠባያቸው ይለወጣል። ስለ ዝውውር የሚጠይቀው ይቀንስና «ምን ብዬ ልጻፍ?» የሚለው ይበዛል። በሠራዊት የሰው ኃይል አስተዳደር ውስጥ ሳለሁ ምዘና ማንበብ እንጀራዬ ስለነበር ለዚህ ጥያቄ የምመልሰው አላጣም። ከደረሱኝ መካከል አራቱን መርጫለሁ፤ የጠያቂዎቹን ስምና ክፍል ትቼዋለሁ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ሻለቃ። የመቶ መሪ ሆኜ ከተመደብኩ ገና ዓመት አልሞላኝም። የበታች ሹሞቼን ምዘና ለመጀመሪያ ጊዜ ጽፌ ለሻምበል አዛዡ ባቀርብ «ይህ ለማንም ይሆናል» ብለው መለሱልኝ። የአንዱ ሙሉ ቃል እነሆ፦ «አሥር አለቃው ታታሪ፣ ታማኝ፣ ለአለቆቹ ታዛዥ፣ ከጓዶቹ ጋር ተግባቢና የተሰጠውን ግዳጅ በብቃት የሚወጣ ምስጉን ወታደር ነው።» ሰውየው በእርግጥም እንዲህ ነው። ምኑ ላይ ነው ጉድለቱ? — መቶ አለቃ

መልስ፦ በዕድሜ ልጄ ስለምትሆን አንተ ብልህ አትቀየመኝም። አዛዥህ እውነታቸውን ነው። በአንድ ዓረፍተ ነገር ስድስት ምስጋና ደርድረሃል፤ የተሠራ ሥራ ግን አንድም የለበትም። አሥር አለቃው ሾፌር ይሁን ነርስ፣ መድፈኛ ይሁን ወጥ ቤት ሠራተኛ ከጽሑፍህ መለየት አይቻልም። ስሙን ሰርዘህ የሌላ ሰው ስም ብታስገባ የሚያጎድለው ነገር የለም። («በብቃት» የሚለውን ቃል ከምዘና ቅጽ ላይ በመመሪያ ቢከለክሉልኝ ደስታዬ ወሰን አይኖረውም።)

ጽሑፉን ማን እንደሚያነበው አስብ። አንተ ታውቀዋለህ፤ አዛዥህም ያውቁታል፤ ለሁለታችሁ ወረቀት አያስፈልጋችሁም። የሚያነበው የዕድገትና የምደባ ኮሚቴ ነው። አባላቱ አሥር አለቃውን በዓይናቸው አይተውት አያውቁም። ፊታቸው የፋይል ቁልል አለ፤ ከምሳ በኋላ ደግሞ ድካም ይጫጫናቸዋል። እንደዚያ ባለ ጠረጴዛ ዙሪያ ብዙ ተቀምጫለሁና ዓይን እንዴት እንደሚሄድ አውቀዋለሁ፦ «ታታሪ»ን፣ «ታማኝ»ን፣ «ምስጉን»ን እየዘለለ ይሄድና አንድ የተፈጸመ ድርጊት ሲያገኝ ይቆማል። «ይህ ልጅ እንዲህ አደረገ እኮ!» የሚል ሰው የሚገኘው እዚያ ላይ ነው።

እስቲ አሥር አለቃህ የመገናኛ ሰው ነው እንበልና ያንኑ ሰው እንዲህ እንጻፈው፦ «በመስክ ልምምዱ ሁለተኛ ሌሊት ዋናው ሬዲዮ ሲበላሽ ትእዛዝ ሳይጠብቅ ተጠባባቂውን አስነሥቶ ከሻለቃው ጋር ያለውን ግንኙነት በ10 ደቂቃ ውስጥ መልሷል። ከልምምዱ በኋላ አራት አዲስ ወታደሮችን ራሱ አሠልጥኖ አራቱም የመገናኛ ፈተናውን አልፈዋል። መቶው ዛሬ በእያንዳንዱ ፈረቃ ሬዲዮ የሚይዝ ሰው አለው።»

አንድም የምስጋና ቃል የለበትም። ታታሪነቱ ግን ሌሊቱ ላይ፣ አስተዋይነቱ «ትእዛዝ ሳይጠብቅ» በሚለው ላይ፣ ለጓዶቹ ያለው አሳቢነት ሥልጠናው ላይ ይታያል። በተለይ የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ልብ በላት። እሷ የምትናገረው ስለ ሰውየው ሳይሆን በእሱ ምክንያት ክፍሉ ላይ ስለ መጣው ለውጥ ነው። አብዛኛው መዛኝ ድርጊቱን ይጽፍና ውጤቱ ላይ ሳይደርስ ነጥቡን ያስቀምጣል፤ ኮሚቴው ግን «ታዲያ ምን ተገኘበት?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። የአሜሪካ አየር ኃይል እንኳ ለብዙ ዓመታት በአኅጽሮተ ቃል የታጨቁ፣ ባለሙያ ካልሆነ ማንም የማይፈታቸው ቁርጥራጭ መስመሮችን ሲያስጽፍ ቆይቶ በቅርብ ዓመታት ትቷቸዋል። አሁን የሚጠይቀው ድርጊቱንና ውጤቱን በግልጽ ቋንቋ የያዘ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው።

ስለ ቁጥር አንድ ነገር ላክል፤ ቁጥር የሚያሰክረው ጸሐፊ ሞልቷልና። «60 ተሽከርካሪዎች ጠግኗል» ቢባል አንባቢው ብዙ ይሁን ጥቂት አያውቅም። ከስንት ተሽከርካሪ? በስንት ጊዜ? ከእሱ በፊት የነበረው ሰው ስንት ይጠግን ነበር? መነጻጸሪያ የሌለው ቁጥር ጌጥ ነው። መቶው በሙሉ ያመጣውን ውጤት ለአንድ ሰው መስጠትም ሌላው ልማድ ነው፤ ሦስት የበታች ሹሞች ያንኑ «የሻለቃው አንደኛ» ውጤት የብቻቸው አድርገው ቢቀርቡ ኮሚቴው ሦስቱንም አያምንም።

እንዲህ ለመጻፍ ግን ጽሑፉን በመጨረሻው ሳምንት መጀመር አይሆንም። አንድ ተራ ደብተር ግዛና ለእያንዳንዱ የበታች ሹም ሁለት ሁለት ገጽ ስጥ። ያየኸውን በዕለቱ በአንድ መስመር ጻፍ፤ ቀኑ፣ ምን እንደሆነ፣ ምን እንዳስከተለ። መልካሙንም መጥፎውንም። ይህ ካልሆነ የሰው ልጅ የሚያስታውሰው የቅርቡን ነው፤ በዓመቱ መጀመሪያ ክፍሉን ከችግር ያወጣው ወታደር ባለፈው ወር አንድ ቀን ሰልፍ ላይ ስለዘገየ ብቻ «ዝርክርክ» ተብሎ ይመዘናል። የአሜሪካ ምድር ጦር መዛኙ ከበታች ሹሙ ጋር በምዘናው ዘመን የመጀመሪያ 30 ቀናት ውስጥ ተቀምጦ የሚጠበቅበትን እንዲነግረው፣ ከዚያም ቢያንስ በየሩብ ዓመቱ እንዲያነጋግረው የሚያዘው ለዚህ ነው። ያንተ ክፍል መመሪያ ባያዝህም ከማድረግ የሚከለክልህ የለም።

በመጨረሻም አሥር አለቃው ነገ ምን ቢሰጠው እንደሚችል ጻፍ። «ለወደፊቱ ተስፋ የሚጣልበት» አትበል። «የጓድ መሪነት ዛሬ ቢሰጠው ይችላል» ወይም «ከመሪነት በፊት የበታች ሹሞች ኮርስ ያስፈልገዋል» በል። ኮሚቴው ሊወስንበት የሚችለው እንዲህ ዓይነቱን ቃል ነው።

ጥያቄ፦ ሻለቃ፣ ሰላምታዬ ይድረስዎ። ቁመናው ያማረ፣ ድምፁ ሰልፉን ቀጥ የሚያደርግ አንድ ሃምሳ አለቃ አለኝ። ስመዝነው በሁሉም መስፈርት ከፍተኛውን ነጥብ ሰጠሁት። ምክትሌ ግን «የወታደሮቹ የፈቃድ ጥያቄ ኪሱ ውስጥ እየከረመ ነው» ይለኛል። ዓይኔ አታሎኝ ይሆን? — የሻምበል አዛዥ

መልስ፦ ምክትልዎን ይስሙ። ነገሩ ደግሞ የእርስዎ ብቻ አይደለም። ኤድዋርድ ቶርንዳይክ የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ምሁር እ.ኤ.አ. በ1920 ባሳተመው ጥናት የጦር መኮንኖች የበታቾቻቸውን እንዴት እንደመዘኑ መርምሮ ነበር። መኮንኖቹ አካላዊ ቁመናን፣ የአእምሮ ብቃትን፣ መሪነትንና ጠባይን ለየብቻ እንዲመዝኑ ተነግሯቸዋል። ነጥቦቹ ሲታዩ ግን ከሚገባው በላይ የተያያዙ ሆነው ተገኙ፤ በአንዱ ከፍ ያለው በሁሉም ከፍ ይላል፣ በአንዱ ዝቅ ያለው በሁሉም ዝቅ ይላል። መኮንኖቹ በሰውየው ላይ ያደረባቸውን አንድ ስሜት በየሳጥኑ ገልብጠውታል ማለት ነው። የሥነ ልቦና ባለሙያዎች እስከ ዛሬ የሚያስተምሩት የመዛኝ ስሕተት ከወታደር ቤት የተገኘ መሆኑ እኛን ሊያስገርመን አይገባም፤ ቁመናና ድምፅ እንደኛ ሰፈር የሚከበርበት የት አለ?

መድኃኒቱ ቀላልና አሰልቺ ነው። አንድን ሰው ይዘው ከላይ እስከ ታች አይሙሉ። አንድ መስፈርት ይያዙ፤ ለምሳሌ «የበታቾችን መንከባከብ» የሚለውን፤ በእሱ ላይ ሁሉንም የበታች ሹሞችዎን መዝነው ሲጨርሱ ወደሚቀጥለው ይሂዱ። ሃምሳ አለቃው ከሌሎቹ ጎን ሲቆም ኪሱ ውስጥ የከረሙት የፈቃድ ወረቀቶች ብቅ ይላሉ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም የአሜሪካ ጦር መኮንኖቹን ሲያስመዝን ተመሳሳይ ዘዴ ተጠቅሟል፤ መዛኙ በመጀመሪያ በሚገባ የሚያውቃቸውን መኮንኖች ከላቀው እስከ ደካማው መለኪያ አድርጎ ያስቀምጥና የሚመዘነውን ከእነሱ ጋር ያስተያየው ነበር። ለአገልግሎት አድካሚ ነበር፤ «ከማን ጋር ሲነጻጸር?» የሚለውን ጥያቄ ግን አያስዘልልም።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ሻለቃ። የንብረት ክፍል ኃላፊ ነኝ። አለቃዬ «የዓመቱን ሥራሽን ጽፈሽ አምጪልኝ፣ ምዘናውን ከዚያ እሠራለሁ» አሉኝ። ራስን ማወደስ ነውር ሆኖብኛል። ደግሞስ ምን ልጻፍ? ዓመቱን ሙሉ መጋዘኔ ውስጥ ምንም አልተፈጠረም። — ሃምሳ አለቃ፣ ሴት ነኝ

መልስ፦ ምንም አለመፈጠሩ የእርስዎ ሥራ ነው እኮ! መጋዘን ውስጥ አንድ ነገር የሚፈጠርበት ዓመት የምርመራ ዓመት ነው። ችግሩ ያልተፈጠረ ነገር በወረቀት ላይ አለመታየቱ ስለሆነ እንዲታይ ማድረግ ይኖርብዎታል። ለዚህ ደግሞ ምስጋና አይጻፉ፤ ያኔ ነውሩም ይቀርልዎታል። የተረከቡትን ሁኔታ፣ ያደረጉትንና ዛሬ ያለውን ብቻ በቅደም ተከተል ያስቀምጡ። ለምሳሌ፦ «ንብረቱን ስረከብ በመዝገቡና በመደርደሪያው መካከል ልዩነት ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ልዩነቱን በዕቃ ዓይነት አጣርቼ ሪፖርት አቀረብኩ። ከዚያ ወዲህ የተደረጉት ሁለቱም ቆጠራዎች ያለ ጉድለት ተዘግተዋል።» በዚህ ውስጥ ራስን ማወደስ የት አለ? ሒሳብ ነው። የቆጠራ ሰነዶቹን ቁጥርና ቀን ከጎኑ ይጻፉ፤ አለቃዎ ሲጠየቁ መልስ ያላቸው ይሁኑ።

አስቸኳይ ጥያቄ መጥቶ በሌሊት ዕቃ ያወጡበት ቀን ካለ ያስታውሱ። ያለ ደረሰኝ ዕቃ የጠየቀዎትን ከፍ ያለ መኮንን በትሕትና የመለሱበት ቀንም ካለ ይጻፉት፤ ስሙን አይጥቀሱ እንጂ ድርጊቱ ትልቅ ሥራ ነው።

ሴት መሆንዎን ስለጠቀሱ ሌላም ልንገርዎት። በአሜሪካ የባሕር ኃይል አካዳሚ ተማሪዎች ምዘና ላይ የተደረገ ጥናት ለወንዶች በብዛት የተጻፈው በጎ ቃል «ነገር መርማሪ»፣ ለሴቶች ደግሞ «ሩኅሩኅ» እንደነበር አሳይቷል። ሩኅሩኅነትን የሚጠላ የለም። ሆኖም ስለ ክፍት የኃላፊነት ቦታ ሲመከር የትኛው ቃል ሚዛን እንደሚደፋ እርስዎም ያውቁታል። ስለዚህ ለአለቃዎ የሚሰጡት ጽሑፍ በውሳኔና በውጤት የተሞላ ይሁን፤ «ታጋሽና ትሑት ናት» የሚለውን ለመጻፍ ቦታ ያጡ።

ጥያቄ፦ ሻለቃ፣ አንድ ደካማ የበታች ሹም አለኝ። የሌላ ሻምበል አዛዦች ለሁሉም «እጅግ በጣም ጥሩ» ይሰጣሉ። እኔ እውነቱን ብጽፍ የእኔ ልጆች ብቻ ይጎዳሉ፤ ይህኛው ደግሞ የቤተሰብ ኃላፊ ነው። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ የነጥብ ግሽበት የእርስዎ ጦር ፈጠራ አይደለም። የአሜሪካ ምድር ጦር በመኮንኖች ምዘና ላይ የበላይ መዛኙ ከፍተኛውን ደረጃ ከሚመዝናቸው መካከል ከግማሽ ላነሱት ብቻ እንዲሰጥ በመመሪያ የገደበው ሁሉም «ምርጥ» ሆኖ ስላስቸገረው ነው። እርስዎ ገደብ ባይኖርብዎትም በእጅዎ ያለው ቃል ነው። ነጥቡ የትም እኩል በሆነበት ቦታ ኮሚቴው የሚያነበው ጽሑፉን ነው፤ የጎበዞቹን ልጆችዎን ሥራ ከላይ እንዳልኩት አድርገው ከጻፉ በባዶ ውዳሴ ከተሞላው የጎረቤት ፋይል በልጠው ይታያሉ እንጂ አይጎዱም።

ስለ ደካማው ግን አልደራደርም። ቤተሰቡ እንደሚያሳዝንዎት ሁሉ ነገ እሱ የሚመራቸው ወታደሮችም ቤተሰብ አላቸው። ሲጽፉ «ሰነፍ ነው» አይበሉ፤ ያም እንደ «ታታሪ» ባዶ ቃል ነው። ጥበቃ ላይ ሁለት ጊዜ እንዳልተገኘ፣ በየትኛው ቀን እንደተነገረው፣ ከተነገረው በኋላ ያሻሻለውንና ያላሻሻለውን ይጻፉ። ያሻሻለው ካለ መተው ግፍ ነው። ከምዘናው በፊት በቃል ያልሰማውን ጥፋት ግን ወረቀት ላይ አያግኘው፤ እስካሁን ካልነገሩት ዛሬውኑ ጠርተው ይንገሩት።

ቅጹንም በሚፈርምበት ሰዓት አያስደንግጡት። ጥቂት ቀናት ቀደም ብለው ይስጡት፤ ወስዶ ያንብበው፣ ይናደድ፣ ይረጋጋ። በጽሑፍ የሚያቀርበው ተቃውሞ ካለ ሳይቆርጡ ከቅጹ ጋር አያይዘው ወደ በላይ አካል ይላኩት። ኮሚቴው ሁለቱንም ያነባል።