መልስ፦ ጾመኛ በሴቪያ ታፓስ ቤቶች ምን ይበላል?

በዐቢይ ጾም ወደ ስፔኗ ከተማ ሴቪያ ስለሚሄዱ፣ በታፓስ ቤት (ታፓስ የሚባሉ በትናንሽ ሳህን የሚቀርቡ ምግቦች ከመጠጥ ጋር በሚበሉበት ቤት) ምሽቱ እንዴት እንደሚያልፍና ምን መብላት እንደሚችሉ ጠይቀዋል። ስፔናውያን እራት የሚበሉት ዘግይተው በመሆኑ ቤቶቹ የሚደምቁት ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ነው፤ ልማዱም በአንድ ቤት ተቀምጦ መጥገብ ሳይሆን፣ አንድ ሁለት ትናንሽ ሳህን ቀምሶና አንድ መጠጥ ጠጥቶ ወደሚቀጥለው ቤት ማለፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1670 የተመሠረተውን ኤል ሪንኮንሲዮ የተባለ የታፓስ ቤት ሳያዩ እንዳይመለሱ እለምንዎታለሁ፤ በዚያ ሒሳብዎን በእንጨቱ ባንኮኒ ላይ በጠመኔ ይጽፉልዎታል፣ ቤቱ የሚታወቅበት የሽምብራና የስፒናች ወጥም በወይራ ዘይት፣ በነጭ ሽንኩርትና በከሙን ስለሚሠራ ለጾመኛ እጅግ ይስማማል። የወይራ ፍሬና በቲማቲም የተለወሰ ዳቦም አያሳስቡም። ሳልሞሬሆ የተባለው ቀዝቃዛ የቲማቲም ሾርባ ግን ብዙውን ጊዜ እንቁላልና የአሳማ ሥጋ ይነሰነስበታል፤ በድንች ጥብሱ ላይ የሚፈስሰው ነጭ ስጎም እንቁላል ሊኖርበት ስለሚችል አስቀድመው ይጠይቁ። ከመጠጥ፣ ቀይ ወይን ከለስላሳ ጋር የሚቀላቀልበት ቲንቶ ዴ ቬራኖ ቀለል ያለ ነው። ወደ ግራናዳ ከተማ ከተሻገሩ ደግሞ ታፓው ከመጠጡ ጋር በነጻ የሚመጣና ብዙ ጊዜ ቤቱ የሚመርጠው ስለሆነ፣ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ እንደማይበሉ መጠጡን ሲያዝዙ ይንገሯቸው።