መልስ፦ አንድ ዓይነት መኪና፣ የተራራቀ ዋጋ
ሁለት አንድ ዓይነት ጥንታዊ መኪና ቀርቦ አንዱ ለምን የሌላውን እጥፍ ይጠራል ላልከው፣ መጀመሪያ የሞተር ቁጥሩን እይ። ከፋብሪካ የወጣበት ሞተር ካልተቀየረና ቁጥሩ ከሻንሲው (መኪናው ከተሠራበት መሠረት ብረት) ቁጥር ጋር በመዝገብ ከገጠመ ዋጋው ከፍ ይላል። ብርቅ መሆን ብቻውን ግን አያዋጣም፤ ጥቂት ተሠርቶ ዞር ብሎ የሚያየው ያጣ ሞልቷል። ፌራሪ 250 ጂቲኦ የተሠራው 36 ብቻ ነው፣ ግን ያስወደደው በውድድር ማሸነፉም ጭምር ነው። ብርቅነት ዋጋ የለውም ማለቴ ግን አይደለም፤ ሁለት ብቻ ከተሠሩት የመርሴዲስ 300 ኤስኤልአር ኡሌንሃውት ኩፔዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ2022 በ135 ሚሊዮን ዩሮ ተሸጧል። ደግሞ አዲስ ቀለም አይሸውድህ (ሻጭ ሲወደው!)፣ ሥሩ ዝገት ሊኖር ይችላል። እኔ ብሆን ሳይነካካ የቆየውን፣ ቀለሙ የደበዘዘውን እመርጣለሁ። የቀድሞ ባለቤቶቹን ተራ በተራ የሚያሳይ ወረቀት ከሌለው ግን ዋጋ አስቀንስ።