ጓሳው እስኪከፈት

ውድ ልጆቼ፣

ከእናንተ መካከል አንዳንዶቻችሁ ገና ትዳር የያዛችሁ፣ አንዳንዶቻችሁም የመጀመሪያ ልጃችሁን ታቅፋችሁ ይህን የምታነቡ ናችሁ። እኔ ከሠላሳ ዓመት በላይ በችግኝ ጣቢያና በደን ሥራ አሳልፌ ዛሬ ደብረ ብርሃን በጡረታ የተቀመጥኩ ሰው ነኝ። ወጣት ወላጆች ሲያገኙኝ «ልጆቻችን ተፈጥሮን የሚወዱ እንዲሆኑ ምን እናድርግ?» እያሉ ይጠይቁኛል። ለብዙ ዓመታት «አስተምሯቸው» ብዬ እመልስ ነበር። ዛሬ ያንን መልስ አልሰጥም። ለምን እንደተውኩት ለማስረዳት ካደግኩበት አገር ልጀምር።

የመንዝ ልጅ ነኝ። ጓሳ የሣሩም የቦታውም ስም ነው። ቦታው ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍ ያለ፣ ንጋት ላይ ውርጭ እንደ ጨው የሚነጣበት ምድር ነው። ሣሩ የቤት ክዳን ይሆናል፣ ገመድ ይሆናል፣ ፍራሽ ይሞላበታል፤ በክረምት የምንለብሰው ገሳም ከእሱ ይሠራ ነበር። ይህን ሁሉ የሚሰጥ ሣር ግን ማንም ባሻው ቀን ሄዶ አያጭደውም። ቦታው የአጽመ ርስት፣ ማለትም ከአባቶች የተወረሰ የመሬት መብት፣ ባለቤቶች የጋራ ሀብት ነበርና በአባቶች ሥርዓት ለተከታታይ ዓመታት ይዘጋል፣ ጠባቂ ይቆምለታል፤ ሣሩ መድረሱ ሲታመንበት በበጋው ደረቅ ወራት ይከፈታል።

ሰባት ዓመት ገደማ ሳለሁ የቤታችን ክዳን አርጅቶ ማፍሰስ ጀመረ። ጓሳው ከእኛ ማዶ በነፋስ ሲተኛና ሲነሣ ይታያል። አባቴን «ለምን አናጭድም?» አልኩት። «ጓሳው አልተከፈተም» አለኝና በሚያፈሰው ቦታ ሥር ማሰሮ አስቀመጠ። ሌላ ምንም አልጨመረም። ያን ክረምት የጠብታው ድምፅ እንቅልፍ ነሥቶኝ እንደነበር አስታውሳለሁ። የተከፈተ ዕለት ግን ገና ጎሕ ሳይቀድ ቀሰቀሰኝ፤ ትንሽ ማጭድ ሰጠኝና ከእጄ በላይ እጁን አድርጎ ሣሩን ከሥሩ ከፍ አድርጌ እንዳጭድ አሳየኝ። ማታ በጀርባዬ ተሸክሜ የመጣሁት ነዶ ትንሽ ነበር፤ ነገር ግን ክዳኑ ሲታደስ የእኔ ነዶ የት ላይ እንደገባ አውቀው ነበር።

በቋንቋችን «መጠበቅ» የሚለው ቃል መቆየትም ነው፣ ከጉዳት መከላከልም ነው። እንግዳ ይጠበቃል፣ ከብትም ይጠበቃል። ጓሳ ላይ ሁለቱ አንድ ነበሩ፤ ሣሩን የምንጠብቀው በመጠበቅ ነበር። ለልጆቻችሁ የምመኝላቸው ይህንኑ ነው፤ ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ የሚመለሰው ወደዚህ ነው። በነገራችን ላይ ያ ሥርዓት ከየካቲት 25 ቀን 1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ በኋላ ላልቶ ጓሳው ብዙ ተጎድቶ ነበር። ኋላ ግን የአካባቢው ሕዝብ ዳግመኛ ተደራጅቶ ይዞታል። ከኢትዮጵያ ተራሮች በቀር በዓለም ላይ የትም የማይገኙት ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዛሬም እዚያ አሉ። ልጆች ስታፈሩ ውሰዷቸውና አሳዩአቸው።

አሁን ስለ ስህተቴ። ወንዶ ገነት የደን ትምህርት ተምሬ በሥራ ላይ ሳለሁ የበኩር ልጄ ዘጠኝ ዓመት ሞላው። ለቡሄ ጅራፍ ሊሠራ ፈልጎ በግቢያችን የተከልኩትን ለጋ ግራር ልጡን ዙሪያውን ላጠው። ዙሪያውን የተላጠ ዛፍ እንደማይድን አውቃለሁና ደሜ ፈላ። ስለ ደን መመናመን የማውቀውን ሁሉ በዚያች ትንሽ ነፍስ ላይ አፈሰስኩት፤ ከዚያም እስኪመሽ ድረስ በባልዲ ውኃ እየተሸከመ የቀሩትን ችግኞች እንዲያጠጣ አዘዝኩት። እሱም አጠጣ። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ውኃ ማጠጣት በቤታችን ቅጣት ሆነ። ሠላሳ ዓመት ሲሞላው «አባባ፣ ዛፍ ሳይ ያ ባልዲ ይታየኛል» አለኝ። ይህን የነገረኝ በቁጣ አልነበረም፤ ለዚያ ነው ልረሳው ያልቻልኩት።

አባቴ ለእኔ ያደረገውን ለልጄ አላደረግኩለትም። ልጁ ልጥ ያስፈልገው ነበር፤ ጅራፍ የሌለው ልጅ በቡሄ ምን ይሁን? የደረሰ ቅርንጫፍ መርጬ፣ ከእሱ ጋር ቆርጬ፣ ግንዱ ከተላጠ ዛፉ ለምን እንደሚደርቅ በዚያው ላሳየው ይገባኝ ነበር። ደን የሚወድ ሰው ደን አይነካም የሚል አስተሳሰብ ከከተማ የመጣ ይመስለኛል። ሁሉን ነገር «አትንካ፣ አትቁረጥ፣ አትውጣ» እየተባለ ያደገ ልጅ ዛፍን የሚያየው እንደ ሳሎን ብርጭቆ ነው። እንዲወጣ፣ እንዲቀምስ፣ ሾላ ለቅሞ እንዲበላ፣ ጭቃ እንዲያቦካ ተዉት። ሲነካ መጠኑንና ጊዜውን ያውቃል፤ መጠኑን የሚያውቀው ግን አብሮት ያለ ትልቅ ሰው ካለ ነው።

ሴት ልጄ ከወንድሟ ሰባት ዓመት ታንሳለች። ያን ጊዜ የምንኖረው በማሽላ እርሻ በተከበበች ከተማ ነበር። ስድስት ዓመቷ ሳለ በመስከረም «የመስቀል ወፍ ከመስቀል በኋላ የት ትሄዳለች?» ብላ ጠየቀችኝ። በዓመት አንዴ ከአደይ አበባ ጋር ብቅ ብላ የምትጠፋ ወፍ ናት ሲባል እኔም ሰምቼ ነው ያደግኩት። እንደ ወትሮዬ መልስ ለመስጠት አፌን ከከፈትኩ በኋላ እንደማላውቅ ገባኝ። «እስቲ አብረን እንይ» አልኳት።

በየቅዳሜው ጠዋት ወደ ማሽላው ዳር እንሄድ ነበር። በጥቅምት ቀዮቹ ወንዶች በዘንጉ ጫፍ ላይ ይንጠራራሉ። ኅዳር ሲገባ አንገቱ ላይ ቀይ የቀረው፣ ጀርባው ግን ቡናማ የሆነ፣ ያረጀ ካባ የለበሰ የሚመስል ወፍ አገኘን። ልጄ ክንዴን ይዛ ዝም አለች። በታኅሣሥ ከድንቢጥ የማይለዩ ቡናማ ወፎች ብቻ ቀሩ። ወፏ የትም አትሄድም ነበር፤ ወንዱ ለመራቢያው ወራት ያበቀለውን ያማረ ላባ አራግፎ ሴቷን መስሎ ዓመቱን ሙሉ በአጠገባችን ይኖራል። እኔ የደን ባለሙያው ይህን የተማርኩት በአርባዎቹ ዕድሜዬ፣ በስድስት ዓመት ልጅ ጥያቄ ነው። ከዚያ በኋላ ያቺን ልጅ ወፍ እንዳትወግር የመከረ ሰው አልነበረም፤ ምክር አላስፈለጋትም።

የልጅ ጥያቄ በችኮላ መልስ እንዳይሞትባችሁ ተጠንቀቁ። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በአድዋ ወንዝ ዳር ያዩት ነገር ብዙ ሰው ሲያልፈው የኖረ ነበር። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ይታያሉ። እሳቸው ቆመው «ለምን?» አሉ፤ ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች እንዶድ እንደሚገድል የታወቀው እንዲህ ነው። እንዶዱ በየአጥሩ ነበር፤ ቆሞ የሚያይ ዓይን ነው የጎደለው።

ብዙዎቻችሁ በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ እንደምትኖሩ አውቃለሁ። ግቢ የለንም ብላችሁ ተስፋ አትቁረጡ። የተቆረጠ የዘይት ጀሪካን፣ ሥሩ የተበሳ፣ አፈርና ብስባሽ የተሞላ፣ በረንዳ ላይ ይቀመጥ። ለትንሽ ልጅ በጥድ ወይም በወይራ አትጀምሩ፤ ትዕግሥቱ ገና አልበቀለም። ባቄላ ስጡት፤ በሳምንት አካባቢ አፈሩን ሰንጥቆ ሲወጣ ያየዋል። ከዚያ በሶብላና ጤና አዳም፣ ከዚያ ጎመን። ጎመኑ የታጠበበትን ውኃ እሱ ራሱ ወደ ጀሪካኑ ይውሰድ። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ጨዋታ አይደለም፤ ልጁም ቁም ነገር መሆኑን ስለሚያውቅ ደስ ይለዋል። ቡቃያው ሲደርቅ ደግሞ ተደብቃችሁ አዲስ አትተኩለት። እኔ ለልጅ ልጄ አንዴ እንዲህ አድርጌ ወዲያው ነቃችብኝ፤ ያታለልኳት ስለመሰላት ሁለት ቀን አኮረፈችኝ። ልክ ነበረች።

የዛፎችን ስም አስተምሯቸው፤ በቅድሚያ ግን እናንተ እወቁ። ወደ ትምህርት ቤት በምትወስዷቸው መንገድ ላይ ያሉትን ብቻ። ይህ ብሳና ነው፣ ይህ ወይራ ነው፣ ይህ ባሕር ዛፍ ነው በሉ። ባሕር ዛፍን ደግሞ በልጆች ፊት ክፉ ዛፍ አታድርጉት። በምንጭ አጠገብ መተከሉ ስህተት ነው፤ ነገር ግን ከአፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ የአዲስ አበባን ምድጃ ያነደደው፣ የድሀውን ቤት ያቆመው እሱ ነው። ቅዳሜ ጊዜ ካገኛችሁ ወደ ጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል ውጡ፤ ራቅ ለማለት አቅም ካላችሁ መናገሻ ሱባ ሂዱ። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ የጥድ ዘር አስመጥተው እንዳስተከሉት የሚነገርለት ደን ነው፤ ጉሬዛ ከጥድ ወደ ጥድ ሲዘል ያየ ልጅ ማታ ስለ ሌላ ነገር አያወራም። ስልካችሁን ግን ኪሳችሁ አድርጉት። ልጁ ወዴት እንደሚያይ የሚወስነው የእናንተ ዓይን ነው።

ስለ ችግኝ ተከላ የሙያዬን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሐምሌ 22 ቀን 2011 በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ በመንግሥት ሲገለጽ ልቤ በደስታ ሞልቶ ነበር። ልጆቻችሁን ይዛችሁ በክረምት መውጣታችሁ መልካም ነው። ነገር ግን በሥራ ዘመኔ በዘመቻ ተተክለው ከደረቁ ችግኞች መካከል ብዙዎቹን ነቅዬ ሳይ ሥራቸው አሁንም በፕላስቲክ ከረጢቱ ውስጥ ተጠምዝዞ አግኝቻለሁ። ከረጢቱን ቀዳችሁ ማውጣት አትርሱ፤ ይህን ሥራ ለልጁ ስጡት፣ ለትንሽ ጣት የሚሆን ሥራ ነው። ደግሞም አሥር ተክሎ ከመሄድ አንድ ተክሎ በጥር ተመልሶ ማጠጣት ይበልጣል። በሐምሌ ፎቶግራፍ የተነሣችሁበትን ቦታ በጥርም፣ በመጋቢትም ልጁን ይዛችሁ ሂዱ።

አታስፈራሯቸው። «ምድር ልትጠፋ ነው» የሚል ወሬ ለአምስት ዓመት ልጅ ምን ይሠራለታል? ያው ሌሊት መባነን ነው። ሲጠይቁ ግን አትዋሹ። የልጅ ልጄ በየሳምንቱ የሚወሰደው የቆሻሻ ከረጢት የት እንደሚሄድ ስትጠይቀኝ ቆሼ የሚባል ቦታ እንደነበረ፣ ሰዎችም በአጠገቡ ይኖሩ እንደነበር፣ መጋቢት 2 ቀን 2009 ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች እንደሞቱ፣ በምትረዳው ልክ ነገርኳት። ረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ የድንች ልጣጩንና የቡናውን አተላ ለይታ ማስቀመጥ ጀመረች። ፕላስቲክ ጠርሙሱንና ጣሳውን ለቆራሌው ታስቀምጣለች፤ ሳንቲሙንም እሷው ትቀበላለች። ገበያ ስንሄድ ፌስታል ሲሰጡን ዘንቢሏን ከፍ አድርጋ ታሳያለች። ያ ዘንቢል አማቴ ገበያ ይዛው ትሄድ የነበረ ነው። እናቶቻችን ይህን ሁሉ ስም ሳያወጡለት ሲያደርጉት ኖረዋል፤ ከእነሱ ጋር ገበያ የሄደ ልጅ ብዙ ይማራል።

ይህን የምጽፍላችሁ በግንቦት መጨረሻ ነው። የበኩር ልጄ ልጁን ከአዲስ አበባ አምጥቶልኛል። ትናንት ከልጅ ልጄ ጋር በግቢው ጥግ ጉድጓድ ስንቆፍር አባቷ ሳንጠራው መጥቶ ዶማውን ከእጄ ተቀበለኝና ጨረሰው። የሚተከለው ኮሶ ነው፤ ዘሩን ከልጅ ልጄ ጋር መደብ ላይ ዘርተን ካበቀልን ዓመት አልፎታል። እሷ ዛሬ ልትተክለው ፈልጋ ነበር። ምድሩ ገና እንዳልራሰ አፈሩን በእጇ አስጨብጬ አሳየኋት። አሁን በረንዳው ላይ ተቀምጣ ሰማዩን እያየች ዝናቡን ትጠብቃለች፤ ከጎረቤት በጎች ደግሞ በትር ይዛ ችግኙን ትጠብቃለች።