ብስክሌት፣ ሥራና ቤት፦ ጠይቃችሁኛል፣ ልመልስ

ስታዲየም አካባቢ ቢሮ ውስጥ እሠራለሁ፤ ቤቴ አራት ኪሎ ነው። ሚስትና ሁለት ልጆች አሉኝ። ብስክሌት የምር መንዳት ከጀመርኩ አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። አሰልጣኝ አይደለሁም። ከብዙዎቻችሁ የምለየው ቀድሜ በመሳሳቴ ነው። ተመሳሳይ ጥያቄዎችን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ የባንክ ሠራተኛ ነኝ። ጠዋት 1፡30 እወጣለሁ፣ ማታ 1 ሰዓት እገባለሁ። በሳምንት ቢበዛ 6 ሰዓት ባገኝ ነው። በዚህ የረባ ለውጥ ይመጣል?

መልስ፦ ይመጣል። በሳምንት 6 ሰዓት እየነዱ አራት ወር ሳያቋርጡ መዝለቅ፣ አንድ ሳምንት 12 ሰዓት ነድቶ ሁለት ሳምንት ከመጥፋት በብዙ ይሻላል።

የእኔ ሳምንት ይህን ይመስላል። ማክሰኞና ሐሙስ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስቼ አንድ አንድ ሰዓት። ቅዳሜ ሦስት ሰዓት። እሑድ አንድ ሰዓት ቀለል ያለ፣ ካልተመቸም ይቀራል። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ብስክሌቱን አልነካውም።

ማክሰኞ ከለገሃር ወደ ማዘጋጃ ቤት የሚወጣው ቸርችል ጎዳና ነው ሜዳዬ። ሩብ ሰዓት አሟሙቃለሁ። ከዚያ አራት ጊዜ እወጣዋለሁ፤ አንዱ መውጣት ከ6 እስከ 7 ደቂቃ ይፈጅብኛል። ቁልቁል ስመለስ አርፋለሁ። ስትወጣ ሁለት ቃል መናገር ከቻልክ በቂ ነው፤ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ከጨረስክ ግን ለግመሃል ማለት ነው።

ቅዳሜ የዚህ ተቃራኒ ነው። ከጎንህ ካለው ሰው ጋር ስለ ኑሮ ውድነት ሳታለከልክ እያወራህ የምትነዳበት ፍጥነት። ብዙ ሰው የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ሰዓቴ ትንሽ ስለሆነች ሁሌም ልጠንክር ይልና ሁሉንም ቀን መካከለኛ ያደርገዋል። ማክሰኞ ለመጠንከር ደክሞታል፣ ቅዳሜ ለመረጋጋት ቸኩሏል። ስድስት ወር ነድቶ እዚያው ነው።

ጥያቄ፦ የፕሮፌሽናሎችን ፕሮግራም ለምን አንከተልም?

መልስ፦ ብስክሌተኛው ጽጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 ቱር ደ ፍራንስን፣ ታላቁን የፈረንሳይ የብስክሌት ውድድር፣ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። በዚያ ደረጃ ያለ ሰው በሳምንት 25 ሰዓትና ከዚያ በላይ ይነዳል፤ ከዚያ ይበላል፣ ይታሻል፣ ይተኛል። ሥራው ነው። አንተ ከልምምድ በኋላ ስብሰባ አለብህ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ «ብስክሌቱን ነው ያገባኸው» ትለኛለች። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እኔም ቃል በቃል ተብያለሁ።

አንድ ቅዳሜ «3 ሰዓት ላይ ቤት ነኝ» ብዬ ወደ ሱሉልታ ወጣሁ። የዘመድ ልጅ ክርስትና ነበረብን። እግሬ ደስ ብሎት ነበር፤ «ትንሽ ልጨምር» አልኩ። ከዚያ ጎማዬ ተነፈሰ። መለዋወጫ ከመነዳሪ አልያዝኩም። ቤት ስደርስ 6 ሰዓት ሊሆን ምንም አልቀረውም። ሚስቴ የሀበሻ ቀሚሷን ለብሳ ሶፋ ላይ ተቀምጣለች። ልጆቹ ለባብሰው እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ምንም አልተናገረችም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ነገራችን ተለወጠ። እሑድ ማታ ልጆች ሲተኙ ቁጭ ብለን የሳምንቱን ሰዓት በወረቀት እንጽፋለን። ፍሪጁ ላይ ይለጠፋል። የእኔ ብቻ አይደለም፤ የእሷም ይጻፋል። ቅዳሜ ከሰዓት የእሷ ነው። ጸጉር ቤት ትሂድ፣ ጓደኞቿን ታግኝ፣ ትተኛ፣ አልጠይቅም። ልጆቹ ከእኔ ጋር ናቸው። ደክሞኛል ማለት የለም፤ ሦስት ሰዓት የነዳሁት እኔው ነኝ።

የመመለሻ ሰዓቴንም እንደ ዕዳ ነው የማየው። ለሦስት ሰዓት ከወጣሁ፣ አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ እንደነዳሁ የትም ልሁን የት እመለሳለሁ። የቀረችው ሃያ ደቂቃ ለጎማ ናት።

ለቅሶ ካለ ልምምድ የለም፣ ይሄ ክርክር አያስፈልገውም። የጥርን ሠርግም አትታገለው። እኔ ጥርን ቀድሜ ቀላል ወር አድርጌ ነው የማቅደው።

ጥያቄ፦ በዚያ ሰዓት መሃል ከተማ መንዳት አያስፈራም? የትስ ነው የምትነዱት?

መልስ፦ ከመኪናው ይልቅ ውሻው ያስቸግራል። ሌሊት መንገዱ የውሾች ነው። ስትሮጥ ያባርሩሃል። እኔ ቀስ እላለሁ፣ ካልሆነም ወርጄ ብስክሌቱን በመሃላችን አድርጌ እራመዳለሁ። ከተነከስክ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በብዙ ውሃ ለሩብ ሰዓት እጠበው፤ ከዚያ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ። በእብድ ውሻ በሽታ አይቀለድም።

ወደ እንጦጦ ከሽሮ ሜዳ በላይ ሳይነጋ ብቻዬን አልወጣም። ጅብ አለ። አንድ ጊዜ የመብራቴ ጨረር ውስጥ ሁለት ዓይን አይቻለሁ፤ የዚያን ቀን ያስመዘገብኩት የልብ ምት እስካሁን አልተሰበረም።

ለጠንካራ ልምምድ ቸርችል፣ ለሜዳ ከመስቀል አደባባይ ወደ ቦሌ፣ ለረጅም ዳገት ከነጋ በኋላ እንጦጦ። በ2016 ዓ.ም. ከተጀመረው የኮሪደር ልማት ወዲህ የተሠሩት የብስክሌት መስመሮች ለቀላል መንዳትና ለሥራ መመላለሻ ጥሩ ናቸው። ለፍጥነት ግን አይሆኑም። እግረኛ ይገባል፣ ሕፃን ይሮጣል። እዚያ ላይ መሮጥ ነውር ነው።

ከፊት ነጭ፣ ከኋላ ቀይ መብራት፣ ሄልሜት። ጠዋት 1 ሰዓት ሲሆን ከዋና መንገድ እወጣለሁ። ታክሲዎች ተሳፋሪ መሻማት የሚጀምሩበት ሰዓት ነው፤ ሚኒባስ ሳያሳይ ወደ ዳር ይገባል።

ጥያቄ፦ የ9 ወር ልጅ አለኝ። ከመውለዴ በፊት እወዳደር ነበር። መቼ ነው ወደ ድሮው የምመለሰው? ደግሞ መንገድ ላይ ለከፋው አሰልችቶኛል።

መልስ፦ ሐኪምሽ ከፈቀደችልሽ አሁን መጀመር ትችያለሽ፤ ግን «ወደ ድሮው» የሚለውን ለጊዜው ተይው። ሌሊት ሦስት ጊዜ የምትነቂ ከሆነ ጠንካራ ልምምድ በሳምንት አንዴ ይበቃሻል። የቀረው ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ቀላል ይሁን። የምታጠቢ ከሆነ ከመውጣትሽ በፊት አጥቢ፤ ለአንቺም ይመቻል፣ ልጁም አይራብም። ውሃና ምግብ አትቀንሺ።

ስለ ለከፋው እኔ ወንድ ሆኜ ምክር ብሰጥ ያስቃል። አብረውኝ የሚነዱ ሴቶች የሚያደርጉትን ልንገርሽ፦ ሁለትና ሦስት ሆነው ይወጣሉ፣ ሳይረፍድ ይጨርሳሉ፣ ዳገት ላይ ቀስ በሚባልበት ቦታ አይቆሙም። ጥፋቱ የእነሱ አይደለም፤ ግን እንዲህ ነው የሚያልፉት።

ጥያቄ፦ በጾም እንዴት ትለማመዳለህ? ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፣ ሁሉን ላቁም?

መልስ፦ አታቁም፣ አስተካክለው። ጠንካራ ልምምዶቼ ለምን ማክሰኞና ሐሙስ እንደሆኑ አሁን ሳይገባህ አልቀረም። ረቡዕና ዓርብ ጾም ነው። በዐቢይ ጾም ግን ማምለጫ የለም።

እስከ 9 ሰዓት ሳትበላ የምትቆይ ከሆነ የጠዋቱን ጠንካራ ልምምድ ተወው። ባዶ ሆድ ቸርችልን አራት ጊዜ ወጥተህ፣ ከዚያ ስምንት ሰዓት ሳትበላ ቢሮ መቀመጥ ልምምድ አይደለም። ቀላሉን ጠዋት አድርገው፣ ጠንካራውን ከሥራ በኋላ፣ ከበላህ ሁለት ሰዓት ቆይተህ። ቅዳሜን አሳጥረው። ረመዳን የሚጾሙ ጓደኞቼ ከማፍጠሪያ በኋላ ቤት ውስጥ ትሬነር (ብስክሌቱን ባለበት አቁሞ የሚያስነዳ መሣሪያ) ላይ ይነዳሉ፤ ቀን ውሃም ስለሌለ የእነሱ ይከብዳል።

ጠዋት ለሚበላ የጾም ምግብ ችግር የለውም። ሽሮው፣ ምስሩ፣ ባቄላው ፕሮቲን አላቸው፤ እንጀራው ጉልበት ነው። ቡናና ሻይ ከምግቡ ውስጥ ብረት እንዳይመጠጥ ያደርጋሉ። ስለዚህ ቡናውን ከምሳ ጋር አታጣብቀው፣ አንድ ሰዓት ይቆይ።

መንገድ ላይ በሶ ነው የምይዘው። የውጭ ጄል (ለስፖርተኞች የሚሸጥ የታሸገ ጉልበት ሰጪ) ዋጋውን ሰምቼ ተውኩት። በሶ በውሃ፣ በስኳርና በቁንጥጫ ጨው በጥብጬ ቀጠን አደርገዋለሁ። ለረጅም ጉዞ በሰዓት ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት ያስፈልጋል፤ በሶና ሁለት ሙዝ ያደርሱሃል። ወፍራም ከሆነ ጠርሙሱ አፍ ላይ ይደፈናል፣ ተሞክሯል።

ጥያቄ፦ ወደ ሥራ በብስክሌት መሄድ እንደ ልምምድ ይቆጠራል?

መልስ፦ እንደ ቀላል ልምምድ፣ አዎ። ከቦሌ ፒያሳ የሚመላለስ ሰው በቀን አንድ ሰዓት ያገኛል፤ ታክሲ ሰልፍ ላይ ሊያጠፋው የነበረ ሰዓት። ሰኞ የሳምንቱን ሸሚዝ ቢሮ አስቀምጥ። ከጥበቃው ጋር ተግባባ፤ ብስክሌትህን የሚያይልህ እሱ ነው። ላብ እንዳያስቸግርህ የመጨረሻዋን አሥር ደቂቃ እንደ ሽማግሌ ንዳ።

ጥያቄ፦ የኃይል መለኪያ (እግሬ ስንት ዋት እንደሚያወጣ የሚያሳይ መሣሪያ) ገዛሁ። ከውጭ ያወረድኩት ፕሮግራም ላይ ያለውን ዋት ማምጣት አልቻልኩም። ሰነፍ ነኝ?

መልስ፦ አይደለህም፣ አዲስ አበባ ነህ። መስቀል አደባባይ ከባህር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ነው። እዚህ የአየር ግፊቱ ከባህር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል፤ እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ እዚያ ይብሳል። በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምታገኘው ኦክስጅን ያነሰ ነው፣ ሞተርህም ያንሳል። የሌላ አገር ሰው ቁጥር ተወው። እዚሁ 20 ደቂቃ ባለህ አቅም ንዳ፣ አማካዩን ዋት በ0.95 አባዛው፣ ፕሮግራሙን በዚያ ላይ ሥራ። መለኪያ ለሌለው የልብ ምትና ትንፋሽ ይበቃል። እኔ ስድስት ዓመት ያለ መለኪያ ነድቻለሁ።

ጥያቄ፦ ክረምትስ?

መልስ፦ ትሬነር። ማግኔት ያለው ተራው ይሻላል፤ መብራት ሲጠፋ አብሮህ አይጠፋም። ኮንዶሚኒየም የምትኖር ከሆነ ግን ጎረቤትህን አስብ። ከታች ያሉት እማማ አንድ ንጋት በሩን አንኳኩ። «ልጄ፣ ወፍጮ ቤት ከፈትክ እንዴ?» አሉኝ። አሁን ሥሩ አሮጌ ፍራሽና ምንጣፍ አለ፣ የምነዳውም ከ12 ሰዓት በኋላ ነው። ለበዓል ዳቦ ይዤላቸው ስሄድ ዛሬም «ወፍጮው» ነው የሚሉኝ።

ውጭ ከነዳህ ቀለም የተቀባውን መስመርና የብረት ክዳኖችን ሽሽ፤ ሲረጥቡ ሳሙና ናቸው። ኩሬ ውስጥ አትግባ። ከሥሩ ክዳኑ የተወሰደ ጉድጓድ ሊኖር ይችላል። ስትመለስ ካቴናውን ጠርገህ ዘይት ቀባው።

ጥያቄ፦ 52 ዓመቴ ነው። ረፍዶብኛል?

መልስ፦ አልረፈደብዎትም። መጀመሪያ ልብዎንና ደም ግፊትዎን ይመርመሩ። የመጀመሪያውን ሦስት ወር በቀላሉ ብቻ ይንዱ። እንጦጦ የትም አይሄድም።

ጥያቄ፦ ልጄ 7 ዓመቷ ነው። ከእሷ ጋር መንዳት ልምምድ ይሆናል?

መልስ፦ አይሆንም። እኔ ግን እሑዴን ለዚያ ነው የማውለው። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው «መንገድ ለሰው» የሚባለው ቀን ሲኖር መኪና የሌለበት አስፋልት ላይ እንወጣለን፤ በሌላ ጊዜ በ2013 የተከፈተው እንጦጦ ፓርክ አለ። በአንድ ሰዓት አራት ኪሎ ሜትር እንሄዳለን። ሦስቴ ውሃ፣ አንዴ ሽንት፣ አንዴ ብስኩት።

ጥያቄ፦ ማንቂያው ሲጮህ መነሳት ሲያቅተኝስ?

መልስ፦ ማታ 3፡30 ካልተኛህ 11 ሰዓት አትነሳም፤ መፍትሔው ማታ ነው ያለው። ልብሴን፣ ጫማዬን፣ የተነፋ ጎማዬን ሳሎን አዘጋጅቼ እተኛለሁ፤ በጨለማ ካልሲ ስፈልግ ቤቱን በሙሉ እንዳልቀሰቅስ። ልጅ ታሞ ሌሊቱን ካደርክ ግን ማንቂያውን አጥፋው። ሌላው ቀን ሰነፍኩ ብለህ ከተጠራጠርክ አሥር ደቂቃ ንዳ። እግርህ ካልመጣ ተመለስ፣ አልጋው ገና አልቀዘቀዘም።