ስንት ክንድ? የማን ክንድ?

ልጅ ሆኜ ገበያ ላይ ጨርቅ በክንድ ሲለካ ደርሼበታለሁ። ከክርን እስከ መሃል ጣት ጫፍ አንድ ክንድ ነው። እናቴ ጨርቅ ልትገዛ ስትወጣ ቁመተ ረጅሙን አጎቴን አስከትላ ነበር የምትሄደው። ነጋዴው ደግሞ እጁ አጠር ያለውን ልጁን ያስለካል። ሁለቱም «አስር ክንድ» ነው የሚሉት። ቁጥሩ ላይ ተስማምተዋል። ጭቅጭቁ የማን ክንድ የሚለው ላይ ነበር።

ይህን ያስታወሰኝ ሰሞኑን አንድ ወጣት የላከልኝ ረቂቅ ነው። ኮምፓይለር (የተጻፈ ኮድን ማሽኑ ወደሚረዳው የሚቀይር ፕሮግራም) ላይ መሥራት ከጀመረ ሁለት ዓመቱ ነው። ስፋታቸው የተወሰነ ቬክተሮችን የሚገልጽ የታይፕ አትሪቢዩት ሊጨምር አስቧል። ቬክተር ማለት ፕሮሰሰሩ በአንድ ትዕዛዝ አብሮ የሚያስኬዳቸው የቁጥሮች ረድፍ ነው፤ አትሪቢዩት ደግሞ ኮዱ ላይ ለታይፕ (ለዳታ ዓይነት) የሚለጠፍ ተጨማሪ መመሪያ። «ጋሼ፣ እስኪ ይዩልኝ» አለኝ። አየሁለት። መልሴ ረዘመና፣ ይህን ሥራ ለጀመራችሁ ሁሉ ይሆናል ብዬ እዚህ አሰፈርኩት።

ድሮ ነገሩ ቀላል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 ከፔንቲየም 3 ጋር የመጣው ኤስኤስኢ የተባለው የቬክተር ትዕዛዞች ስብስብ ሬጅስተሩ (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ቬክተሩ የሚቀመጥበት ቦታ) 128 ቢት ነው፣ አለቀ። በኋላ ኤቪኤክስ 256 አደረገው፣ ቀጥሎ 512 መጣ። ስፋቱ በተቀየረ ቁጥር አዲስ ትዕዛዝ፣ አዲስ ታይፕ፣ እንደገና የሚጻፍ ኮድ። አድካሚ ነው፣ ግን የማን ክንድ እንደሆነ ሁሌም ይታወቃል።

እ.ኤ.አ. በ2016 ቺፕ ነዳፊው አርም ኤስቪኢ የተባሉትን የራሱን የቬክተር ትዕዛዞች ሲያስተዋውቅ ሌላ መንገድ ያዘ። የቬክተሩ ስፋት ከ128 እስከ 2048 ቢት ሊሆን ይችላል፤ የሚወስነው ቺፑን የሚሠራው ነው። ኮቤ ያለው የጃፓኑ ፉጋኩ ሱፐርኮምፒዩተር ፕሮሰሰሩ 512 ቢት ነው። የአማዞን ግራቪቶን 3 ደግሞ 256። በጥንቃቄ የተጻፈ አንድ ፕሮግራም ዳግም ኮምፓይል ሳይደረግ ሁለቱም ላይ ይሠራል። ክንዱ የማሽኑ ነው ማለት ነው። እኔ በበኩሌ ይህን ሐሳብ ሳየው ባርኔጣዬን ባደርግ ኖሮ አወልቅ ነበር።

ዋጋው ግን ቀላል አይደለም። ኮምፓይለሩ ስፋቱን ስለማያውቅ የእነዚህ ታይፖች መጠን አይታወቅም። «ሳይዝኦፍ» ብትሉት፣ ማለትም መጠኑን ብትጠይቁት፣ እምቢ ይላል። ስትራክት (የተለያዩ ዳታዎችን ባንድ የሚያስር ታይፕ) ውስጥ አታስገቡትም፣ አሬይ አትሠሩበትም፣ ግሎባል ተለዋዋጭ አታደርጉትም። ፈንክሽን ውስጥ ይኖራል፣ በአርጉመንት ይገባል፣ ተመልሶ ይወጣል፣ በቃ። ፕሮግራመር ደግሞ ስትራክት ካልሠራ አያድርም። «እኔ የምሠራው 512 ላይ ብቻ ነው፣ ለምን ትከለክለኛለህ?» ይላል። እውነቱን ነው። ለዚህ ሰው ነው የኤስቪኢው አትሪቢዩት የተፈጠረው፤ ስፋቱን በቢት ይጽፋል፣ ታይፑ መጠን ያገኛል።

አሁን ወደ ረቂቁ ልግባ። መጀመሪያ ዓይኔን የያዘው አሃዱ ነው። ልጁ በባይት ነው ያደረገው። ጂሲሲ የተባለው ኮምፓይለር ከጥንት ጀምሮ ያለው «ቬክተር ሳይዝ» አትሪቢዩት ቁጥሩን በባይት ነው የሚቀበለው። ለኦፕንሲኤል ቋንቋ ተብሎ ክላንግ የተባለው ሌላ ኮምፓይለር ውስጥ የገባው «ኤክስት ቬክተር ታይፕ» ግን አባላትን ነው የሚቆጥረው። የኤስቪኢው ደግሞ በቢት ነው። ስለዚህ 4 ብላችሁ ስትጽፉ በአንደኛው አንድ ባለ 32 ቢት ቁጥር ብቻ፣ በሌላኛው አራት ቁጥር ታገኛላችሁ። በሁለተኛው ላይ 3 ብትሉ እንኳ የሦስት ፍሎት መጠን 12 ባይት አይሆንም፤ 16 ይሆናል። እዚህ ላይ «ደረጃውን ማን ያስተካክለው?» ብላችሁ አታላዝኑ፤ አይስተካከልም። የእናንተን ስትሰይሙ ግን ስሙ ውስጥ አሃዱን ጻፉት። የኤስቪኢው አትሪቢዩት ስሙ የሚያልቀው «ቢትስ» በሚለው ነው። ይህን ያሰበውን ሰው አላውቀውም፣ ቡና ልጋብዘው እወዳለሁ።

ሁለተኛው ነገር ከዚህ ይበልጣል። ልጁ ቁጥሩን አማራጭ አድርጎታል። ካልተጻፈ ከኮምፓይለሩ ፍላግ (ኮምፓይል ሲደረግ ከሚሰጠው ቅንብር) ይወሰዳል። «ለተጠቃሚው ይቀልለዋል» ብሎ ጽፏል። ይህን ሳነብ ሆዴ ተገላበጠ፣ ምክንያቱም እኔም በእሱ ዕድሜ ልክ ይህንኑ አድርጌያለሁ።

ስሙን የማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት የራሱ ቺፕና የራሱ ኮምፓይለር ነበረው። የድሮው ቺፕ 256 ቢት፣ አዲሱ 512፤ አዲሱ የድሮውን ኮድ ያስኬዳል። አትሪቢዩቱን የነደፍኩት እኔ ነኝ፣ ነባሪው (ቁጥሩ ካልተጻፈ የሚወሰደው) ከፍላጉ ይመጣል። ሁሉም ወደደው። ከዕለታት አንድ ቀን ሁለት ላይብረሪዎች አንድ ሄደር ፋይል (የታይፖች የጋራ መግለጫ) ተጋሩ። ሄደሩ ውስጥ አንድ ስትራክት አለ፤ መጀመሪያ ቬክተር፣ ቀጥሎ ቆጣሪ። አንደኛው ላይብረሪ በ256 ተሠርቷል፣ ሌላው በ512። የመጀመሪያው ቆጣሪውን ባይት 32 ላይ ይፈልገዋል፣ ሁለተኛው ባይት 64 ላይ። አንዱ 32 ባይት የተዘጋጀለት ቦታ ላይ ሌላው 64 ባይት ይጽፋል።

ፕሮግራሙ ቢወድቅ ደግ ነበር። አልወደቀም። የተሳሳተ ቁጥር እያወጣ ቀጠለ። ዘጠኝ ቀን ፈለግን። ኮዱ ላይ ስህተት የለም፤ መስመር በመስመር ብታነቡት ንጹሕ ነው። ሁለቱም «አንድ ቬክተር» ነበር የሚሉት።

አንዳንዶቻችሁ «ስፋቱን የፈንክሽኑ ስም ውስጥ ብናስገባው ሊንከሩ (ለየብቻ የተሠሩ ፋይሎችን የሚያገናኘው) ይይዘው ነበር» ትሉ ይሆናል። ጥሩ ነው፣ በሲ ፕላስ ፕላስ የኤስቪኢው ታይፕ እንደዚያ ነው የሚደረገው። ባለ 256ና ባለ 512 ታይፕ የተለያየ ስም ያገኛሉ። ነገር ግን የሚሠራው ቬክተሩ ራሱ አርጉመንት ሲሆን ነው። ስትራክት ውስጥ ከተደበቀ ስሙ ላይ የሚወጣው የስትራክቱ ስም ብቻ ነው። በሲ ደግሞ ጭራሽ የለም።

የኤስቪኢ ነዳፊዎች ያደረጉት ሌላ ነው። ቁጥሩ ግዴታ ነው፣ ከፍላጉ ጋርም እኩል መሆን አለበት። 512 የሚል ሄደር በ256 ኮምፓይል ወደሚደረግ ፋይል ሲገባ እዚያው ኤረር ይሰጣል። «አንድን ነገር ሁለት ቦታ መጻፍ አይሰለችም?» ይሰለቻል። ግን ሁለቱ ካልተስማሙ የሚጮህልን ያ ድግግሞሽ ነው። እኛ ዘጠኝ ቀን የፈጀንበት በአንድ ሰከንድ ይገኛል። ሪስክ ፋይቭ የተባለው ሌላ የቺፕ አርክቴክቸርም በኋላ ለራሱ ቬክተር ተመሳሳይ አትሪቢዩት ሲሠራ ይህንኑ ይዟል፤ ሬጅስተሮችን በቡድን ስለሚጠቀም ቁጥሩ በቡድኑ መጠን ይባዛል እንጂ።

እውነቱን ለመናገር ሰው መንገድ አያጣም። የፍላጉን ዋጋ የሚሰጥ ማክሮ አለ፤ እሱን በቁጥሩ ቦታ ይጽፉና ነገሩ ተመልሶ የኔው ነባሪ ይሆናል። ቢያንስ ግን ኮዱ ላይ ይታያል፣ የሚገመግም ሰው ሊጠይቅበት ይችላል።

ልጁ ማስክን (ለእያንዳንዱ የቬክተሩ አባል እውነት ወይም ሐሰት የሚይዘውን) በሁለት መስመር ነው ያለፈው። እዚያ ላይ መቆየት ነበረበት። የጂሲሲ ቬክተሮችን ስታወዳድሩ ውጤቱ እኩል ስፋት ያለው ቬክተር ነው፤ እውነት ከሆነ ‎-1፣ ካልሆነ 0። ኤቪኤክስ 512 ላይ ለአንድ አባል አንድ ቢት ነው። ኤስቪኢ ላይ ለአንድ ባይት አንድ ቢት። ስለዚህ የ512 ቢት ቬክተር ማስክ 64 ቢት ወይም 8 ባይት ነው፤ አሥራ ስድስት ባለ 32 ቢት ቁጥር ብቻ ቢኖርበትም። «የቡሊያን ቬክተር» ብሎ ማለፍ አያዋጣም፤ ሚሞሪ ላይ ምን እንደሚመስል በስዕል አሳዩ።

የት ይጻፋል የሚለውም አለ። ጂሲሲ ላይ «ቬክተር ሳይዝ»ን ፖይንተር (የሌላ ዳታ አድራሻ የሚይዝ) ላይ ብትለጥፉት ዘልቆ የሚጠቁመውን ይቀይረዋል። ይህን የማያውቅ ሰው ኮዱን ሲያነብ ግራ ይገባዋል። ክላንግ የኤስቪኢውን ታይፕዴፍ (ለታይፕ አዲስ ስም መስጫ) ላይ ብቻ ነው የሚፈቅደው። ጠበቅ አድርጋችሁ ጀምሩ። የከለከላችሁትን ነገ ብትፈቅዱ ማንም አይቀየማችሁም። የፈቀዳችሁትን ብትከለክሉ ግን ስልካችሁ ሲጮኽ ያድራል።

ይህን ሁሉ ጽፌ ላክሁለት። ከሰነዱ ይልቅ መጀመሪያ የኤረር መልእክቱን እንዲጽፍም ጠየቅሁት፤ ሁለቱን ቁጥሮች፣ የተጻፈውንም የፍላጉንም፣ አንድ ላይ የሚያሳይ።

ትናንት ማታ መልሱ መጣ። ነባሪውን አውጥቶታል። የኤረር መልእክቱ ከኔ የተሻለ ነው። አሃዱን ግን እንደ ባይት አስቀርቶታል፤ ምክንያቱንም ሦስት ገጽ ጽፎ ልኮልኛል። ገና እያነበብኩት ነው።