ክኒኖቹ ያሉበት ፌስታል

ለወጣት ሐኪሞች፣

ባለፈው ሳምንት ከእናንተ አንዱ ከሕሙማን ክፍል ስንወጣ ተከትሎኝ፣ «ዶክተር፣ ከስትሮክ በኋላ አእምሮው የሚዳከመውን ሰው ከደሙ መለየት ከተቻለ፣ ሰዓት ሳሉ፣ ከመቶ ላይ ሰባት ሰባት ቀንሱ እያልን በሽተኛ ማድከሙ ምን ይጠቅማል?» አለኝ። ቸኩዬ ስለነበር ሳልመልስለት ሄድኩ። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። የነሳኝ ጥያቄው አልነበረም፤ አንድ ፌስታል ነው።

ነገሩ የሆነው በ1995 ዓ.ም. ነው። ስፔሻሊስት ከሆንኩ ሁለት ዓመት አልሞላኝም፤ የማላውቀው ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር። መርካቶ ብትን ጨርቅ የሚሸጡ፣ ስልሳ ዓመት የተጠጋቸው ሰው ቀኝ እጃቸው ዝሎ፣ አፋቸው ተጣሞ ገቡ። ሲቲ ስካኑ በግራው ታላመስ (በአንጎል መሃል ያለ፣ ብዙ የነርቭ መስመር የሚገናኝበት ትንሽ ቦታ) ላይ የባቄላ ፍሬ የምታህል ጥቁር ነጥብ አሳየ። ለቤተሰቡ «ትንሽ ናት፣ አትስጉ» አልኩ። በ12ኛው ቀን በእግራቸው ወጡ።

በቀጠሯቸው ቀን ባለቤታቸው እሳቸውን ውጭ አስቀምጠው ብቻቸውን ገቡ። «ዶክተር፣ ሰውነታቸው ድኗል። ግን እሳቸው አይደሉም። የዱቤ መዝገቡን ገልጠው ዝም ብለው ያዩታል፤ ለአንዱ ደንበኛ ሁለቴ ይሰጣሉ፤ ወንድማቸውን ሌባ ብለው ከሱቅ አባረሩት» አሉኝ። «እትዬ፣ በእግራቸው መሄዳቸውን ያመስግኑ እንጂ! ድካም ነው፣ ያልፋል» አልኩ። ሰውየውን አስገብቼ ስጠይቃቸው፣ «እግዚአብሔር ይመስገን! ዶክተርስ እንዴት ሰነበቱ? ቤተሰብ ደህና? ሥራስ?» አሉኝ፤ አንድም አልተሳሳቱ። የኛ ሰላምታ ብዙ ይደብቃል። ትናንት የዋለበትን የማያስታውስ ሰው እንኳ አሥር ደቂቃ ሙሉ በሰላምታ ይወጣዋል። በ1975 እ.ኤ.አ. የወጣው አጭሩ የአእምሮ መመዘኛ መሳቢያዬ ውስጥ ነበር። አላወጣሁትም።

በሦስተኛው ቀጠሮ የደም ግፊታቸው 190 በ110 ሆኖ አገኘሁት። «መድኃኒቱን አይወስዱም ማለት ነው!» ብዬ ጮህኩ። ባለቤታቸው ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፉት። አንዱ የክኒን ቅጠል ሙሉ በሙሉ ባዶ፣ አንዱ ጭራሽ ያልተነካ፣ አንዱ ደግሞ ከመሃሉ ብቻ ሁለት ፍሬ የወጣለት። ያ ፌስታል ምርመራውን ጨርሶ አምጥቶልኝ ነበር፤ እኔ ያየሁት ስንፍና ነው። ነርሷ ባለችበት ተቆጣኋቸው። እሳቸው አንገታቸውን ደፍተው ቅጠሎቹን አንድ በአንድ፣ ጨርቅ እንደሚያጣጥፉ ሁሉ፣ ጠርዝ ከጠርዝ እያስተካከሉ መልሰው ደረደሩ። ከአምስት ወር በኋላ ሁለተኛው ስትሮክ መታቸው። ያን ጊዜ በእግራቸው አልወጡም።

አሁን ወደ ደሙ ልምጣ። ኒውሮፊላመንት ላይት የሚባለው ፕሮቲን የነርቭ ክር የውስጥ ማገር ነው፤ ክሩ ሲበጠስ ወደ አንጎል ፈሳሽ፣ ከዚያም ወደ ደም ይፈስሳል። መጠኑ በፒኮግራም የሚለካ ስለሆነ ቀድሞ የሚገኘው ከጀርባ በሚቀዳ ውሃ ብቻ ነበር። (ጀርባ ለመቅዳት ስንጠይቅ ስንት ቤተሰብ በሽተኛውን ተሸክሞ ጠፍቶብናል! አንዱማ ከነአንሶላችን።) ዛሬ እጅግ ረቂቅ መለኪያዎች ከክንድ ደም ያነቡታል። ከስትሮክ በኋላ ለሳምንታት ይጨምራል፣ ለወራት ከፍ ብሎ ይቆያል፤ ከፍ ያለባቸው ሰዎች በአማካይ አእምሯቸው የባሰ ይዳከማል። ነገር ግን ዕድሜም ኩላሊትም ከፍ ያደርጉታል፤ የኛ የስትሮክ በሽተኛ ደግሞ ግፊትና ስኳር ኩላሊቱን የጎዱት ሰው ነው። ከሁሉ በላይ የሚናገረው ምን ያህል ክር እንደተበጠሰ እንጂ የት እንደተበጠሰ አይደለም። የባቄላዋ ባለቤት ደማቸው ቢለካ ኖሮ ቁጥሩ መጠነኛ ሊሆን ይችል ነበር፤ ታላመስ ላይ ግን ባቄላ ብዙ ነው።

ከደም የሚለካው ሌላው ፕሮቲን፣ ፒ-ታው 217፣ ሌላ ጉዳይ ነው። እሱ ከስትሮኩ በፊት አልዛይመር የሚባለው የመርሳት በሽታ ሥር ሰድዶ እንደነበር ይጠቁማል። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ይህን በአልዛይመር አንጎል ውስጥ ከሚከማቸው ፕሮቲን ከቤታ አሚሎይድ ጋር የሚያነጻጽር የደም ምርመራ ለአልዛይመር ፈቅዷል፤ ምልክት ለታየባቸው፣ 55 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ። ከስትሮክ በኋላ የሚመጣውን መዳከም ብቻውን የሚለይ ጠብታ ግን የለም።

እናንተ ልጆች ውጤቱ በስልካችሁ ካልደረሰ በሽተኛ ያያችሁ አይመስላችሁም። ወረቀትና እርሳሱም ቢሆን አይመለክበት። በዋሽንግተን የምትኖር አክስቴን ሐኪሙ «ዓመቱ ስንት ነው?» ቢላት «2009» አለች፤ በነሱ 2017 ነበርና ስህተት ብሎ መዘገበባት። ሞካ የሚባለው ባለ 30 ነጥብ መመዘኛም 12 ዓመትና ከዚያ በታች ለተማረ አንድ ነጥብ ይጨምራል። እርሳስ ጨብጠው ለማያውቁ እናት አንዷ ነጥብ ምን ልትሆን!

ይህን ሁሉ ብዬ አንድ ነገር ልናዘዝ። ያን ጊዜ ከላቦራቶሪ «ከፍተኛ» የሚል ወረቀት ቢመጣልኝ አምነው ነበር። ያላመንኩት የሚስታቸውን ቃል ነው። ስለዚህ አንተ የጠየቅኸኝ ልጅ፣ ጥናቱን ሥራ። ደሙን ሲገቡም ሦስት ወር ሲሞላቸውም ቅዳ፣ የኩላሊትን ሁኔታ የሚያሳየውን ክሪያቲኒን አብረህ ለካ፣ አስታማሚዋን ብቻዋን አናግር፣ ክኒኑን በፌስታል አስመጥተህ ራስህ ቁጠር።

ሴትዮዋ ከዓመታት በኋላ ለራሳቸው ግፊት እኔው ዘንድ መጡ። ሳልጠይቃቸው ፌስታላቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ቆጠርኩት። ስለ ባለቤታቸው አላነሱም፤ እኔም አላነሳሁም።